ዝናብ የሚያስቀር፣ ኮራል የሚያነጣ

በ1975 ዓ.ም. አጋማሽ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 መጀመሪያ ወራት፣ ፒተር ግሊን የተባለ የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪ በፓናማ የፓስፊክ ጠረፍ ወደ ውኃ ሲገባ ያገኘው ከአሥር ዓመት በላይ ሲያጠናው የኖረውን ኮራል አልነበረም። ቡናማና አረንጓዴ የነበረው የኮራል ሜዳ ነጥቷል። ማዕበል አልሰበረውም፤ ዓሣ አልጋጠውም፤ ቅርጹ እንዳለ፣ በቆመበት ነጭ ሆኗል። ከሳምንታት በኋላ ነጩ ላይ ዝልግልግ አረንጓዴ ነገር በቀለበት። ይህ የማገገም ምልክት አይደለም፤ በሬሳ ላይ የሚበቅል ነው። በፓናማ ከአራቱ እጅ ሦስቱ፣ በጋላፓጎስ ደሴቶች ደግሞ ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆነው ኮራል በዚያ ሰሞን አለቀ።

ከፓናማ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ርቀት፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ እብናት አለች። የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት በ1974 እና በ1975 ሲያንገራግር ሰንብቶ በ1976 ጭራሹን ጠፋ። ቀጥሎ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። በ1977 እብናት ላይ የተተከለው መጠለያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ረሃብተኛ ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ የመንግሥት ወታደሮች ጎጆዎቹን አቃጥለው ሕዝቡን በግድ ሲበትኑት የእብናት ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። የሰባ ሰባቱን ረሃብ በባሕር ብቻ ማሳበብ ግፍ ነው፤ ጦርነቱም ነበር፣ የደርግ ፖሊሲም ነበር፣ ከሁሉ የከፋው የ1976 ክረምትም ቢሆን ፓስፊክ የጋለበት አልነበረም። ሆኖም በፓናማ ኮራል ያነጣው ሙቀትና የሰሜን ኢትዮጵያን ክረምት የሚያመናምነው ኃይል አንድ ምንጭ እንዳላቸው ያኔ የጠረጠረ ጥቂት ነው። ክሩ የተገኘው በብዙ ሰው እጅ፣ በብዙ ዘመን ነው። አንደኛው ጫፉ ደግሞ ጉና ተራራ ላይ ነው።

ከባሕሩ ልጀምር። ኮራል ለረጅም ዘመን ድንጋይ ወይም የባሕር ቁጥቋጦ ይባል ነበር። ዣን አንድሬ ፔሶኔል የተባለ የማርሴይ ሐኪም በ1720ዎቹ ከሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ያወጣውን ኮራል የባሕር ውኃ በሞላው ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ሲከታተል፣ ሊቃውንቱ አበባ የሚሉት ነገር ሲነኩት ይሰበሰባል፣ ሲተዉት ይዘረጋል። እንስሳ ነው ብሎ ወደ ፓሪስ ጻፈ። እዚያ ጉዳዩን ለአካዳሚው ያቀረበው ሬኦሙር ሰውየው መሳቂያ እንዳይሆን ስሙን ደብቆ አቀረበው። ትክክለኛ የሆነ ሰው በአዘኔታ ስሙ ሲደበቅለት ማየት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

ፔሶኔል ልክ ነበር፤ ያላየው ግን ብዙ ነው። የኮራል ሪፍ የሚባለው ግንብ የሚሠራው ፖሊፕ በሚባሉ፣ አብዛኞቹ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በሚያንሱ፣ አፍና ዙሪያውን መያዣ ክሮች ብቻ ባሏቸው ከረጢት መሰል እንስሶች ነው። እያንዳንዱ ከባሕሩ ኖራ እያወጣ ከሥሩ ወንበሩን ይሠራል፤ በላዩ ሌላው ይሠራል፤ እንዲህ እያለ በሺህ ዓመት ደሴት ይቆማል። በእንስሳው ሥጋ ውስጥ ደግሞ፣ በሕዋሱ መካከል፣ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርቶ እስከ ዘጠና በመቶ የሚሆነውን የባለቤቱን ፍላጎት ይሸፍናል፤ ቀለሙም የእሱ ነው። በ1928 እና 29 እ.ኤ.አ. ወደ አውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ሪፍ የዘመተው የሞሪስ ዮንግ ቡድን ኮራሎችን ሲያስርብና ሲያሞቅ አልጌውን ከሥጋቸው አውጥተው እንደሚተፉት አየ። ነገሩ የቤተ ሙከራ ጉድ ሆኖ መጽሐፍ ውስጥ ተቀመጠ። ባሕሩ ራሱ አንድ ቀን እንዲያ ይግላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ግሊን በ1983 ያየው ይኸንኑ ነው፤ በገንዳ ፈንታ በውቅያኖስ። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ከፓናማዊው ባልደረባው ከሉዊስ ድክሮዝ ጋር የአንዱን የፓናማ ኮራል ቅርንጫፎች በሙቀት ልክ በተለያዩ ገንዳዎች አስቀመጡ። በ32 ዲግሪ ያሉት ነጡ፣ ቀጥለውም ሞቱ፤ ምልክቱ በባሕሩ ከታየው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ውጤቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዛሬ እንደምናውቀው ነገሩ የአልጌው ምግብ ማብሰያ ሲግል መበላሸቱ ነው፤ ምግብ ማውጣቱን ትቶ ሕዋስ የሚያቃጥል መርዝ ማውጣት ይጀምራል፣ እንስሳውም ራሱን ለማዳን ያባርረዋል። አካባቢው ከለመደው የበጋ ጣሪያ አንድ ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለአራት ሳምንት ያህል ከቆየ ይበቃል። ባሕሩ ቶሎ ከበረደ አልጌው ይመለሳል፣ ኮራሉም ይተርፋል። ካልበረደ በረሃብ ይሞታል።

ያን ዓመት ባሕሩን ያጋለው ኤልኒኖ ነበር። የኤልኒኖ ታሪክ ግን በፔሩ ዓሣ አጥማጆች ብቻ የሚነገር አይደለም፤ የእኛም ዝናብ በግኝቱ ውስጥ ገብቷል።

በ1904 እ.ኤ.አ. ጊልበርት ዎከር የተባለ የካምብሪጅ የሒሳብ ሊቅ የሕንድን የአየር ጠባይ ምልከታ እንዲመራ ወደ ሕንድ ሄደ። ከአምስት ዓመት በፊት ሞንሱኑ ቀርቶ አገሪቱ ተርባ ነበርና መንግሥት ከእሱ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ዝናቡ መቼ እንደሚቀር አስቀድሞ መናገር። ዎከር ስለ አየር ብዙ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ቁጥር ነው። ከዓለም ዙሪያ የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገብ ሰብስቦ፣ በርካታ ሕንዳውያን ጸሐፊዎች አስቀምጦ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ በእጅ ያሰላ ጀመር። ከሰበሰባቸው መዝገቦች አንዱ የዓባይ ጎርፍ ልክ ነበር።

ለምን የዓባይ ጎርፍ? በኢትዮጵያ ደጋ ያኔ የረጅም ዘመን የዝናብ መለኪያ መዝገብ አልነበረም። ግብጾች ግን ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ካይሮ ሮዳ ደሴት ላይ የዓባይን ከፍታ ይመዘግቡ ነበር፤ በክረምት አስዋን የሚደርሰው ውኃ አብዛኛው ከእኛ ደጋ የሚወርድ ነው። ጉና ላይ የዘነበው በርብና በጉማራ ጣና ይገባል፣ ከጣና በዓባይ ይወጣል፣ ካይሮ ላይ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ የደብረ ታቦር ገበሬ አንድ ቃል ሳይጽፍ የክረምቱ ታሪክ ሌላ አገር በድንጋይ ምሰሶ ላይ ሲለካ ኖሯል። ዎከር እነዚያን ቁጥሮች ከጃካርታ፣ ከዳርዊን፣ ከደቡብ አሜሪካ የአየር ግፊት ጋር ሲያስተያይ አንድ ትልቅ ሚዛን ታየው፤ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ግፊቱ ሲከብድ በፓስፊክ በኩል ይቀልላል፣ በእንዲህ ያለ ዓመት የሕንድም ዝናብ የዓባይም ጎርፍ ያንሳል። በ1920ዎቹ ይህን ሚዛን የደቡብ ውዝዋዜ ብሎ ሰየመው። ምክንያቱን ግን ማስረዳት ስላልቻለ ብዙ ባልደረቦቹ አላመኑትም። ምክንያቱን ያገኘው ያዕቆብ ብየርክነስ ነው፤ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ ዎከር ከሞተ በኋላ። ሚዛኑን የሚያዘነብለው የፓስፊክ ውኃ ሙቀት ነው፤ ኤልኒኖና የዎከር ውዝዋዜ የአንድ ነገር ሁለት ገጽ ናቸው።

ይህ ሙቀት የእብናት ሰማይ ድረስ እንዴት ይደርሳል? በደህና ዓመት ሞቃቱ ውኃ በኢንዶኔዥያ በኩል ተከምሮ ይኖራል፣ አየሩም እዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ኤልኒኖ ሲመጣ ሙቀቱ ወደ ምሥራቅ ፓስፊክ ይሰደዳል፤ አየር የሚወጣበትም ቦታ አብሮ ይሄዳል። በአፍሪካ ቀንድ ሰሜናዊ ደጋ ላይ ግን አየሩ ወደ ታች መጫን ይቀናዋል። ደመና የሚሠራው አየር ሲወጣ ስለሆነ ክረምቱ ዘግይቶ ይገባል፣ በመካከል ይቋረጣል፣ ቀድሞ ይወጣል። ይህ ለሁሉም ኢትዮጵያ አይሠራም፤ በዚያው ዓመት መጸው ላይ የሶማሌና የደቡብ ቆላ በጎርፍ ሊጥለቀለቅ ይችላል። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የሆነው እንደዚያ ነው። ኤልኒኖ ብቻውን የሚወስነውም አይደለም። ሱዳናዊው የኤም አይ ቲ ሊቅ ኤልፋቲህ ኤልታሂር በ1996 እ.ኤ.አ. ሲያሰላ ከዓባይ ዓመታዊ ፍሰት ተፈጥሯዊ መለዋወጥ ሩብ ያህሉ በኤልኒኖ እንደሚገለጽ አገኘ። ሩብ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ከእርሻው ለዘር እንኳ የማይተርፈው ግን ትንሽ አይለውም።

ሙቀቱ ዝናባችንንም ኮራሉንም እንደሚነካ እስከዚህ ድረስ ታወቀ። ከዚህ በኋላ የመጣው ግኝት ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል፤ ኮራሉ ይህን ሁሉ ሲመዘግብ ኖሯል።

አሜሪካ ከ1948 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. በኤኒወቶክ ደሴት፣ በፓስፊክ መካከል፣ በተደጋጋሚ የኑክሌር ቦምብ ፈተነች። ከዓመታት በኋላ ኑትሰን፣ ባዲማየርና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ የወሰዱትን ኮራል ቆርጠው ራጅ ሲያነሡት ጥቅጥቅና ሳሳ ያሉ መስመሮች ተከታትለው ታዩ። ዓመታዊ ናቸው ወይስ አይደሉም? ለዚህ መልስ የሰጠው ያው ቦምብ ነው። የፈተናዎቹ ራዲዮአክቲቭ ርዝራዥ በኮራሉ ኖራ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር፣ ፍንዳታው የተደረገበትን ዓመት ይዘው መስመሮቹን ሲቆጥሩ ልክ ገጠመ። አንድ ጥንድ መስመር፣ አንድ ዓመት። ጽሑፋቸው በ1972 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኮራል እንደ ዛፍ ግንድ ዓመት የሚቆጠርበት ሆነ። ከዛፍም የሚበልጥበት አለ፤ በኖራው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባዱና ቀላሉ የሚገኝበት መጠን ውኃው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ስለሚለዋወጥ፣ በየመስመሩ የዚያን ዓመት የባሕር ሙቀት ማንበብ ይቻላል።

ለእኛ የሚቀርበው እንዲህ ያለ መዝገብ የኬንያው ነው። ጁሊያ ኮል፣ ሮበርት ደንባር፣ ቲም ማክላናሃንና ኬንያዊቷ ንያዊራ ሙቲጋ ማሊንዲ ላይ ከአንድ ትልቅ ኮራል ውስጥ በረጅም ቱቦ አምድ አውጥተው አነበቡ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መዝገብ 194 ዓመት ይሸፍናል። ከ1801 ተነሥቶ እስከ 1994 ይደርሳል። ራስ ጉግሳ ደብረ ታቦር ላይ ሆነው የጎንደርን ነገሥታት በሚሾሙና በሚሽሩበት ጊዜ ያ ኮራል መስመሩን ይሠራ ነበር። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመንም፣ በክፉ ቀን ዘመን ከብቱ በወረርሽኝ ሲያልቅም፣ በሰባ ሰባትም። አንባቢዎቹ ሁለት ነገር አዩበት፤ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል የፓስፊክን ውዝዋዜ ተከትሎ ሲሞቅና ሲበርድ መኖሩን፣ ከዚያም በላይ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ መጀመሪያ ወዲህ ውኃው እስከ 1.3 ዲግሪ መሞቁን። ሁለተኛው ነው የሚያሳስበው። ውዝዋዜው ድሮም ነበር፤ አሁን ግን የሚወዛወዘው ከፍ ባለ ወለል ላይ ቆሞ ነው። ድሮ ኮራሉን ያልጎዳ ኤልኒኖ ዛሬ ከገደቡ ያሻግረዋል።

ይህም በተግባር ታየ። በ1998 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ የመጀመሪያው ታላቅ መንጣት መጣ፣ ከምድራችን ኮራል 16 በመቶ ያህሉ እንደጠፋ ተገመተ። በ2015 እና 16 እ.ኤ.አ. ሌላ ብርቱ ኤልኒኖ ሆነ፤ በአውስትራሊያ ታላቁ ሪፍ በጥቂት ወራት 30 በመቶ የሚሆነው ጥልቀት የለሽ ኮራል ሞተ። በእኛ 2007 ዓ.ም. ክረምት የቀረው በዚያው ነው፤ በማግስቱ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ኢትዮጵያዊ የምግብ ዕርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ። በሴፍቲኔት ከሚደገፉት ወረዳዎች አንዷ ለሆነችው ለእብናት ዜናው አዲስ አልነበረም። አራተኛው የዓለም መንጣት በ2024 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ታወጀ። ከዚያ ቀደም ባለው መኸር ደግሞ ከእብናት ብዙ የማይርቁት ዋግ ኽምራና ሰሜን ጎንደር በድርቅ ተመትተው ነበር።

ኮራል የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል አንባቢ ካለ ወደ ዳሎል ልውሰደው። አገራችን ባሕር የላትም፤ ሪፍ ግን አላት፣ የሞተ። በደናክል ዝቅተኛ ቦታ ዳርና ዳር፣ በጨው ሜዳው ጠርዝ ላይ፣ የኮራል ግንብ ቆሟል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የጣሊያንና የፈረንሳይ፣ የጀርመንም የጂኦሎጂ ቡድኖች ዞረው መዘገቡት፤ በቅርቡም ባለምዋል አጥናፉና ተስፋዬ ኪዳኔን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከስዊዘርላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር እያጠኑት ነው። የዛሬ 125 ሺህ ዓመት ገደማ፣ የዓለም ባሕር ከዛሬው ከፍ ባለበት ዘመን፣ ቀይ ባሕር ደናክልን ሞልቶት ነበር። ቀጥሎ በሩ ተዘጋ፣ ውኃው ተነነ፣ ኮራሉ በቆመበት ደረቀ፣ ጨው ቀረ። አያቶቻችን በየገበያው እንደ ገንዘብ የተለዋወጡበት አሞሌ የሚወጣው ከዚያው የጨው ሜዳ ነው።

ያ ሪፍ የሞተው በሙቀት ሳይሆን ባሕሩ ስለሸሸው ነው። የዋናው ቀይ ባሕር ኮራል ዕጣ ግን የተለየ ሆነ፤ ዛሬ ሪፍ ለማዳን የሚደክሙት ሁሉ ዓይን ያረፈውም በዚህ ላይ ነው።

የዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ፣ በበረዶው ዘመን፣ የዓለም ባሕር 120 ሜትር ያህል ወረደ። ባብ ኤል መንደብ አካባቢ ያለው መግቢያ ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ቀይ ባሕር ከሕንድ ውቅያኖስ ሊነጠል ደረሰ። ዝናብ የለው፣ ወንዝ የለው፣ ትነቱ ብቻ በረታ፤ ጨዋማነቱ ኮራል ሊችለው ከሚችለው አለፈ። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲመለስ ኮራልም ተመለሰ፤ የሚገባው ግን በደቡቡ በር ብቻ ነው፣ ይህም ከዓለም ባሕሮች እጅግ ከሚሞቁት አንዱ ነው። በአሰብና በጅቡቲ በኩል በበጋ ውኃው 32 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የሚዋኘው የኮራል ጨቅላ ይህን በር ካልቻለ ያልቃል፤ የቻለ ያልፋል። ያለፉት ልጅ እየወለዱ ወደ ሰሜን ዘለቁ፤ መጨረሻው አቃባ ባሕረ ሰላጤ ነው፣ የበጋ ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ብዙ የማያልፍ። ማኦዝ ፋይን፣ ሔዚ ጊልዶርና አማጽያ ጌኒን በ2013 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነው፤ በአቃባ ያለው ኮራል በሞቃት በር ተጣርቶ የገባ ስለሆነ ከሚኖርበት ውኃ አምስትና ስድስት ዲግሪ የሚልቅ ሙቀት የመቻል አቅም በደሙ ይዞ ቀርቷል።

የሚያምር ሐሳብ ነው፤ የሚያምር ሐሳብ ግን ሁልጊዜ እውነት አይሆንም። ስለዚህ ፈተኑት። ከስዊዘርላንድ የመጡ ተመራማሪዎች ከፋይን ጋር ሆነው የአቃባን አንድ የተለመደ ኮራል ለአንድ ወር ተኩል ከለመደው በጋ በላይ በሞቀና አሲድነቱ በጨመረ ውኃ አቆዩት። በ2017 እ.ኤ.አ. እንደ ዘገቡት ኮራሉ አልነጣም፤ እንዲያውም በብዙ መለኪያ በተሻለ ጤና ተገኘ። ይህ ማለት የማይሞት ኮራል ተገኘ ማለት አይደለም። በደቡቡ በር ላይ ያሉት፣ የምፅዋና የጅቡቲዎቹ፣ ሙቀት ቢችሉም ከገደባቸው አጠገብ ቆመው ስለሆነ የሚኖሩት ብዙም ትርፍ አቅም የላቸውም፤ የቀይ ባሕር መካከለኛ ክፍልም ደጋግሞ ነጥቷል። አቅሙ የተረፈው ለሰሜኑ ነው።

አሁን ወደ ማደሱ እንምጣ። ኮራል ሲሰበር እያንዳንዱ ስባሪ ሊያድግ ይችላል። ባሩክ ሪንኬቪች ከ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሪፍን እንደ ደን መልሶ ማልማት ይቻላል እያለ ይሟገት ነበር፤ መጀመሪያ በባሕር ውስጥ ችግኝ ጣቢያ፣ ቀጥሎ ተከላ። ዛሬ በብዙ አገር ገመድ ላይ የተንጠለጠለ የኮራል ችግኝ ማየት የተለመደ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ዴቪድ ቮን በአጋጣሚ ሌላ ነገር አገኘ። ከገንዳው ወለል ላይ ኮራል ሲያነሣ ተሰብሮበት ጥቃቅን ፍርፋሪ ቀረ፤ የሞተ መስሎት ትቶት ቆይቶ ቢያየው ትንንሾቹ ከትልቁ በብዙ እጥፍ ፈጥነው አድገዋል። ቁስሉን ለመድፈን የሚሯሯጠው ጠርዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓመታት የሚፈጀውን ዕድገት በወራት ማምጣት ተቻለ። ደስታው በ2023 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ተቋረጠ። ፍሎሪዳ ላይ ሙቀቱ ከወትሮው ቀድሞ ገባ፣ በማናቲ ቤይ አንድ መለኪያ 38.4 ዲግሪ አነበበ፣ ሶምብሬሮ በሚባለው ሪፍ ላይ ለአሥር ዓመት ያህል የተተከለው ኮራል በሙሉ እንደሞተ ተከላውን የመራው ድርጅት አስታወቀ። በገንዳና በጥልቅ ውኃ የተሸሸገው ብቻ ተረፈ።

ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል እንትከል ከሚለው ወደ የትኛውን እንትከል ዞረ። ይህን ጥያቄ ኢትዮጵያ ቀድማ አውቃዋለች። ከሰባ ሰባት በኋላ ገበሬው የዘር እህሉን በልቶ ሲያበቃ፣ በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘረመል ማዕከልን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ድርቅ የለመደውን የአገር ዘር ከየመንደሩ እየሰበሰቡ ለገበሬው መለሱ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት ለዚህ ነው። ሙቀት የቻለውን ኮራል ለይቶ ማራባትም ሐሳቡ ያው ነው፤ ሩት ጌትስ በሃዋይ፣ ማደሊን ቫን ኦፐን በአውስትራሊያ የጀመሩት የእርባታ ሥራ የሚፈልገው አዲስ ፍጥረት ሳይሆን ባሕሩ ራሱ የፈተነውን ነው።

ደቡብ ጎንደር ውስጥም ከዚህ የሚቀርብ ግኝት አለ። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሊቅ ናቸው፤ ለዶክትሬታቸው በዞኑ ያሉ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከደኖቹ አፈር ወስደው በውስጡ ምን ዘር እንዳለ ሲፈትሹ የአብዛኞቹ ነባር ዛፎች ዘር አልተገኘም። ዘሩ ወድቆ ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ይበላል እንጂ አፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚጠብቅ አይደለም። እናት ዛፎቹ ካለቁ አጥር ማጠርም ዝናብ መጠበቅም ደኑን አይመልሰውም። የኮራል ጨቅላም በውኃ ላይ የሚቆየው ለቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ በቅርብ ሕያው ሪፍ ከሌለ የሚመጣ የለም። ለእኔ ይህ የተከላን ዘመቻ ቁጥር ከሚያወራ ሪፖርት ሁሉ ይልቃል፤ የተረፈውን መጠበቅ ከመትከል ይቀድማል፣ በደኑም በባሕሩም።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ነው የሚያጥረው። ኮራሉን የሚጠብቁት ሰዎች በሳተላይት የባሕሩን ሙቀት እየተከታተሉ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ችግኛቸውን ወደ ጥልቅ ውኃ ወይም ወደ ገንዳ ያሸሻሉ። የኢትዮጵያ የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤትም ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የክረምት ትንበያ ሲያወጣ የሚያየው ያንኑ ፓስፊክ ነው። ድሪባ ቆሬቻና አንቶኒ ባርንስተን በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ለክረምታችን ከሁሉ የሚበልጠው ጠቋሚ ኤልኒኖ ነው፤ ችግሩ ኤልኒኖ ራሱ ከግንቦት በፊት በደንብ አይታወቅም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ፓስፊክ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ኮምፒውተሮቹም ይለያያሉ፣ ሊቃውንቱም ይጠነቀቃሉ። ረጅም ወቅት የሚፈልገው ማሽላ የሚዘራው ደግሞ በሚያዝያ ነው።